ካቆምኩበት የሚጠብቀኝ፦ ሁለት ዓመት ከስቲም ዴክ ጋር

ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በሠራው በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒውተር፣ በስቲም ዴክ፣ የላይኛው ጠርዝ ላይ፣ በስተቀኝ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ ስክሪኑና ስለ ባትሪው ከማንሣቴ በፊት ስለ እርሷ መናገር እፈልጋለሁ፤ ይህን ዕቃ ከሁለት ዓመት በላይ ከአጠገቤ እንዳይርቅ ያደረገችው እርሷ ናትና።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በየአምስት ሳምንቱ ተረኛ እሆናለሁ፤ ሌሊት ላይ አንድ ሰርቨር ከወደቀ የሚደወለው ለእኔ ነው። በአንዱ የተረኝነት ሳምንት፣ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኤልደን ሪንግ ውስጥ ከማርጊት ጋር ተያይዤ ነበር። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ማርጊትን አይረሳውም፤ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ቆሞ ጀማሪውን ሁሉ የሚመልስ ቀንዳም ግዙፍ ፍጡር ነው። ጉልበቱን ከግማሽ በታች አውርጄዋለሁ። ዱላውን ወደ ላይ አንሥቷል። በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጮኸ።

ኤልደን ሪንግ እንደ ሌሎች ጨዋታዎች በአንድ ቁልፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም አይደለም። ዕቃ መያዣውን ብትከፍቱም ጠላት መምታቱን አይተውም። እኔ ግን ያቺን ትንሽ ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ ጠፋ፤ ማራገቢያው ዝም አለ። ዴኩን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራ ኮምፒውተሬ ሄድኩ። የአንድ ሰርቨር ዲስክ ሞልቶ ነበር፤ ለሙከራ ተብሎ የተከፈተ ዝርዝር መዝገብ ሳይዘጋ ቀርቶ ቀኑን ሙሉ መስመር በመስመር ላይ ሲጽፍ ውሏል። መዝገቡን ዘጋሁ፣ ቦታ አስለቀቅኩ፣ አገልግሎቱ መመለሱን አረጋገጥኩ፣ የሆነውን በአራት መስመር ጽፌ ለጠዋቱ ቡድን አስቀመጥኩ። አምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ተመልሼ ቁልፏን ስጫን ማርጊት እዚያው ነው፤ ዱላውን እንዳነሣ። አንድ እርምጃ አልተራመደም።

ለዚህ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ዴኩ ሲተኛ የኢንተርኔት ግንኙነቱ ስለሚቋረጥ፣ ጨዋታው ከሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ከነበረ ስትመለሱ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወስዳችኋል። ስለዚህ ብቻዬን ስጫወት ግንኙነቱን ከጨዋታው ውስጥ አጠፋዋለሁ። ይህን ካደረግሁ በኋላ ያቺ ቁልፍ አሳፍራኝ አታውቅም።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይህ ለምን ልቤን እንደነካው ወዲያው ይገባዋል። የአንድን ፕሮግራም አካሄድ በጭንቅላት ውስጥ መገንባት ጊዜ ይወስዳል፦ ይህ ተግባር ያንን ይጠራል፣ ያኛው ይህን ቁጥር ይለውጣል፣ ስህተቱ የሚፈጠረው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲደርሱ ብቻ ነው። ሕንፃው ጣሪያ ሊለብስ ሲል አንድ ሰው ትከሻዬን ነካ ያደርግና “አንድ ደቂቃ ብቻ” ይለኛል። በእርግጥም አንድ ደቂቃ ብቻ ልትሆን ትችላለች፤ የገነባሁት ግን ፈርሷል። በሥራ ዘመኔ ካዳበርኳቸው አቋሞች ሁሉ አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው፦ በስብሰባ ከተቆራረጠ ስምንት ሰዓት ይልቅ ማንም ያልነካው ሦስት ሰዓት ብዙ ያሠራል። ሰውን ከመሃል መጥራት ነጻ የሚመስላቸው ሰዎች ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ስለሆነ ነው እንደዚያ የሚመስላቸው።

ማታም ቢሆን ጊዜዬ ሙሉ አይደለም። ዴኩን ከመግዛቴ በፊት ጨዋታ ልተው ምንም አልቀረኝም ነበር። አርባ ደቂቃ አገኛለሁ፤ ትልቁን ኮምፒውተር እከፍታለሁ፤ ማሻሻያ ይጠብቃል፤ የጨዋታው ማስጀመሪያ ፕሮግራም የራሱን ማሻሻያ ይጠይቃል፤ ከዚያ አርማ፣ ከዚያ ማውጫ፣ ከዚያ ያለፈውን መጫን። ወደ ቦታዬ ስመለስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሄዷል፤ ምን ላደርግ እንደነበረም ረስቻለሁ። አሁን ያው አርባ ደቂቃ አርባ ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃም ብትሆን አሥር ደቂቃ ናት።

ነገሩ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፦ ፕሮሰሰሩ ይተኛል፣ ሜሞሪው ብቻ ጥቂት ኃይል እየተመገበ የያዘውን ይዞ ይቆያል፣ ጨዋታውም ጊዜ ማለፉን ሳያውቅ ይነሣል። ሆኖም ከአሥር የተለያዩ አምራቾች በመጡ ክፍሎች በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ይህን አስተማማኝ ማድረግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ቫልቭ ዕቃውንም ስርዓተ ክወናውንም ራሱ መሥራቱ እዚህ ላይ ጠቅሞታል። ኔንቴንዶ ስዊች የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ይህንኑ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ያ ለእርሱ ተብለው በተዘጋጁ ጨዋታዎች ነው። ዴኩ የሚያስተኛው ለዊንዶውስ የተጻፉትን፣ እንተኛለን ብለው ያላሰቡትን ጨዋታዎች ነው።

ስለ አካሉ ባጭሩ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ለገበያ የወጣው የመጀመሪያው ዴክ 7 ኢንች ስክሪን፣ 1280 በ800 ነጥብ፣ አራት ኮር ያለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 40 ዋት ሰዓት ባትሪ አለው። ክብደቱ 669 ግራም ነው። የእኔ ይህኛው ነው። በኖቬምበር 2023 የመጣው የኦሌድ ስክሪን ያለው ዴክ ወደ 7.4 ኢንች አድጓል፣ በሰከንድ እስከ 90 ጊዜ ይታደሳል፣ ባትሪው 50 ዋት ሰዓት ሆኗል፣ ክብደቱም ወደ 640 ግራም ወርዷል። ጎን ለጎን አስቀምጬ ያየኋቸው ጊዜ የገረመኝ ጥቁሩ ነው፤ በእኔው ስክሪን ላይ ሌሊት ግራጫ ነው፣ በኦሌዱ ላይ ግን ሌሊት ሌሊት ነው። አዲስ የምትገዙ ከሆነ አታመንቱ፣ ኦሌዱን ግዙ። ክብደቱ ግን በሁለቱም ላይ ይሰማል። በጀርባ ተንጋልሎ ከፊት ላይ ከፍ አድርጎ ለመጫወት የሚመች ዕቃ አይደለም፤ እኔ ትራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ክንዶቼን አሳርፌ ነው የምይዘው።

ባትሪው እንደምትጫወቱት ነገር ይለያያል። ቫልቭ ለመጀመሪያው ዴክ ከ2 እስከ 8 ሰዓት ይላል፤ ልዩነቱ ሰፊ የሆነው ነገሩ እውነትም ሰፊ ስለሆነ ነው። ኤልደን ሪንግ በሁለት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ጠፍጣፋ ሥዕል ያለው ትንሽ ጨዋታ ግን ምሽቱን ሁሉ ያስኬዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን አንድ ነገር ላሳያችሁ። ከቀኝ ሰሌዳው በታች ያለችውን ባለ ሦስት ነጥብ ቁልፍ ስትጫኑ የፍሬም ገደብ፣ ማለትም በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት፣ የሚወሰንበት ማንሸራተቻ ይመጣል። 40 ላይ አድርጉት። በሰከንድ 30 ምስል ሲሆን አንዱ ምስል 33.3 ሚሊሰከንድ ይቆያል፤ 60 ሲሆን 16.7። በሁለቱ መካከል ያለው ትክክለኛ አማካይ 25 ሚሊሰከንድ ነው፤ ያ ደግሞ 45 ሳይሆን 40 ምስል ነው። ዓይን የሚያየው ቁጥሩን ሳይሆን ቆይታውን ስለሆነ፣ ከ30 አሥር ብቻ ጨምራችሁ ወደ 60 የሚወስደውን መንገድ ግማሹን ትሄዳላችሁ። የመጀመሪያው ዴክ ስክሪን ከ40 እስከ 60 ባለው መካከል የእድሳት ፍጥነቱን ስለሚቀይር ምስሉ አይንቀጠቀጥም። ከባድ ጨዋታዎችን ሁሉ በዚህ ነው የምጫወተው፤ ማራገቢያውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ።

በዴኩ ውስጥ ዊንዶውስ የለም። ያለው በአርች ሊኑክስ፣ ከነፃው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ዓይነቶች በአንዱ፣ ላይ የተመሠረተ ስቲም ኦኤስ የሚባል ስርዓት ነው። ጨዋታዎቹ ግን አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተጻፉ ናቸው። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስተረጉመው ፕሮቶን ይባላል፤ ቫልቭ በኦገስት 2018 ያወጣው ሲሆን መሠረቱ ዋይን ነው። ዋይን የተጀመረው በ1993 ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት፣ ቁጥር 1.0፣ የወጣው በ2008 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ጨዋታው “ዊንዶውስ ሆይ፣ ይህን ፋይል ክፈትልኝ፤ ይህን ሦስት ማዕዘን ሣልልኝ” ባለ ቁጥር ዋይን ጥያቄውን ተቀብሎ ሊኑክስ በሚያውቀው መንገድ ይመልሳል። የግራፊክሱን ጥያቄ ከማይክሮሶፍት ዳይሬክት ስሪዲ ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቩልካን የሚተረጉመው ዲኤክስቪኬ ደግሞ አንድ ፕሮግራመር በራሱ ትርፍ ጊዜ የጀመረው ነው፤ ቫልቭ በኋላ ደግፎታል።

ይህን ሥራ ከሌላው የሶፍትዌር ሥራ የሚለየው ትሕትናው ነው። ዋይን ትክክል መሆን አይበቃውም፤ ዊንዶውስ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ አብሮ መሳሳት አለበት፤ ምክንያቱም ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተጻፈ አንድ ጨዋታ በዚያ ስህተት ላይ ተደግፎ ቆሟል። የጨዋታውን ኮድ ማስተካከል አይቻልም፤ የጻፈው ቡድን ምናልባት ተበትኗል። ስለዚህ እየለኩ፣ እየሞከሩ፣ አንዱን ተግባር ከአንዱ ጋር እያስተያዩ መሄድ ብቻ ነው ያለው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አሮጌ የሂሳብ ማጠቃለያ ስርዓት ተሰጠኝ። ኮዱን አንብቤ ተናደድኩ። ሁሉንም ጥለን ከዜሮ እንጻፈው የሚል ባለ ሰባት ገጽ ሐሳብ አዘጋጀሁ። የቡድናችን አንጋፋ መሐንዲስ እስከ መጨረሻው አነበቡትና ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው አንድ መስመር በጣታቸው አሳዩኝ፤ በወሩ የመጨረሻ ቀን ብቻ የሚሠራ፣ ምንም ትርጉም የሌለው የሚመስል ቅድመ ሁኔታ ነበር። “ይህን ለምን እንደጻፉት ታውቃለህ?” አሉኝ። አላወቅሁም። “እንግዲያው ገና መጣል አትችልም” ብለው ሄዱ። ያንን መስመር ለማወቅ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ወሩ እሑድ ላይ ሲያልቅ የሚዘገዩ ክፍያዎችን የሚይዝ ነበር፤ ብጥለው ኖሮ በየጥቂት ወሩ የሰው ገንዘብ ይጠፋ ነበር። ፕሮቶንን ባስነሣሁ ቁጥር እርሳቸውን አስታውሳለሁ።

ቫልቭ ራሱም በመጀመሪያ በሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። በ2015 ስቲም ማሽን የተባሉ፣ ከልዩ ልዩ አምራቾች የመጡ ባለ ሊኑክስ ኮምፒውተሮች ወጥተው ነበር። ያን ጊዜ የጨዋታ ሠሪዎች በየራሳቸው የሊኑክስ ስሪት እንዲጽፉ ነበር የሚጠበቀው፤ ጥቂቶች ጻፉ፣ ብዙዎች አልጻፉም፣ ማሽኖቹም ከገበያ ወጡ። ሁለተኛው ሙከራ ከማንም ምንም አልጠየቀም። በየጨዋታው ገጽ ላይ አረንጓዴ ምልክት ካለ ለዴክ ተመርምሮ አልፏል ማለት ነው፤ ቢጫው ይሠራል ግን ትንሽ ማስተካከያ ይፈልጋል የሚል ነው። ቢጫውን አትፍሩት። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ጽሑፉ ትንሽ መሆኑ ወይም አንድ ጊዜ የፊደል ገበታ መጥራት ማስፈለጉ ነው።

ምልክቱ የማይነግራችሁን ደግሞ ሰዎች ይነግሯችኋል። ፕሮቶን ዲቢ በሚባለው መዝገብ ላይ ተጫዋቾች እያንዳንዱ ጨዋታ በሊኑክስ ላይ እንዴት እንደሠራላቸው ይጽፋሉ፤ ከሚጽፉትም ተነሥቶ ጨዋታው እንደ ፕላቲነም ወይም ነሐስ ያለ ደረጃ ያገኛል። ልጅ ሳለሁ የወደድኩትን አንድ የጀብዱ ጨዋታ ከዓመታት በኋላ በዴኩ ላይ ስከፍተው በትዕይንቶቹ መካከል የሚመጣው ቪዲዮ ቦታ ላይ ባለ ቀለም መስመሮች ብቻ ይታዩ ነበር። ድምፁ አለ፣ ምስሉ የለም። መዝገቡን ፈለግሁ። ከእኔ በፊት አንድ ሰው፣ ስሙን የማላውቀው፣ በአጭሩ እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፏል፦ ቪዲዮው አይታይም፤ ጂኢ ፕሮቶን የሚባለውን በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀውን ስሪት ምረጡ፤ ከዚያ ሁሉም ይሠራል። መረጥኩ፤ ሠራ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ያ የመክፈቻ ትዕይንት፣ መርከቧ ከጭጋጉ ስትወጣ፣ በእጄ ላይ ተከፈተ። እኔም ጨርሼ ስነሣ የራሴን አራት መስመር ጻፍኩ፦ ስሪቱን፣ የፍሬም ገደቡን፣ የባትሪውን ቆይታ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ጊዜ መዘጋቱን።

በኢንተርኔት ላይ ስላለው የሰው ጠባይ ብዙ ምሬት እሰማለሁ፤ አብዛኛው እውነት ነው። ነገር ግን ይህም የኢንተርኔት ባህል ነው። አንድ ሰው ችግሩን ፈትቶ መሄድ ሲችል ተመልሶ ለማያውቀው ሰው ምልክት ይተክላል። የቁልፎች አቀማመጥም እንደዚሁ ነው፤ ዴኩ ከኋላው አራት ተጨማሪ ቁልፎች፣ በፊቱ ሁለት የመዳሰሻ ሰሌዳዎች፣ በውስጡም እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ስላለው ለአንድ ጨዋታ ብዙ ዓይነት አሠራር ማዘጋጀት ይቻላል። ፋክቶሪዮን፣ በመዳፊት እንዲሠራ የታሰበውን ያንን የፋብሪካ ጨዋታ፣ አንድ ተጫዋች አዘጋጅቶ ባካፈለው አቀማመጥ ነው የጀመርኩት። የቀኙ ሰሌዳ መዳፊት ነው፤ የኋላዎቹ ሁለት ቁልፎች ዕቃ ይገለብጣሉ፣ ይለጥፋሉ። ከሁለት ምሽት በኋላ እጄ ለመደው። ኢላማ ማነጣጠርም በእንቅስቃሴ መለኪያው ድንቅ ነው፦ ቀኝ አውራ ጣት የቀኙን መቆጣጠሪያ ዱላ ሲነካ ብቻ እንዲነቃ ታደርጉትና ዴኩን ጥቂት ዘንበል በማድረግ ቀስቱን ታስተካክላላችሁ።

ስለ ፋክቶሪዮ ከተነሣ፣ “ቀኑን ሙሉ ኮድ ስትጽፍ ውለህ ማታ ደግሞ ስለ ማጓጓዣ ቀበቶ ትጨነቃለህ?” ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አዎን፣ እጨነቃለሁ፤ እየተደሰትኩም ነው። በሥራዬ አንድ ስህተት ሳስተካክል ውጤቱ በሰው ዓይን የማይታይ ቁጥር ነው። በፋክቶሪዮ ግን የብረቱ መስመር የታነቀበትን ቦታ ሳገኝና አንዲት መከፋፈያ ሳስገባ፣ ከዚያች ነጥብ ጀምሮ እስከ ሩቁ ጥግ ድረስ ማሽኖቹ አንድ በአንድ ሲነቁ አያለሁ።

ወደማይሠራው እንለፍ። ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቷቸው አንዳንድ የውድድር ጨዋታዎች በዴኩ ላይ አይከፈቱም። ምክንያቱ የዴኩ አቅም አይደለም። ማጭበርበርን የሚከላከሉት ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ጥልቅ ክፍል፣ በከርነሉ ውስጥ፣ ይቀመጣሉ፤ በሊኑክስ ላይ ያንን ማድረግ አይችሉም። ኢዚ አንቲ ቺትና ባትል አይ የተባሉት ሁለቱ ታዋቂ መከላከያዎች ከፕሮቶን ጋር የሚሠሩበት መንገድ አላቸው፤ ግን ፈቃዱን መስጠት ያለበት የጨዋታው ባለቤት ነው፤ ብዙዎች አይሰጡም። ፎርትናይት ከመጀመሪያውም አልፈቀደም። ኤፔክስ ሌጀንድስ ፈቅዶ ቆይቶ በ2024 መጨረሻ ላይ በሊኑክስ በኩል የሚመጣው ማጭበርበር በዝቷል ብሎ በሩን ዘጋ። እኔም ከድሮ የሥራ ጓደኞቼ ጋር ዓርብ ዓርብ የምንገናኝበት አንድ ጨዋታ በተመሳሳይ ምክንያት አንድ ቀን ተነሥቶ አልከፈትም አለኝ። የጨዋታውን ስም አልጠራም፤ ዓርቡ ግን ቀርቷል፤ ያሳዝነኛል።

አጭበርባሪዎች የውድድር ጨዋታን እንደሚገድሉ አውቃለሁ፤ የጨዋታ ሠሪዎቹን ስጋት ቀላል አላደርገውም። ሆኖም እንደ መሐንዲስ አንድ ነገር እላለሁ፦ የጨዋታ ፕሮግራም የኮምፒውተሬን እያንዳንዱን ክፍል ማየት በሚችልበት ጥልቀት ውስጥ እንዲገባ አልፈቅድም። የሥራ ቁልፎቼ፣ የቤተሰቤ ፎቶዎች፣ የባንክ መልእክቶቼ ያሉበት ማሽን ነው። ከዚያ ይልቅ ጨዋታው ይቅርብኝ።

በነገራችን ላይ እነዚያ ጨዋታዎች ሲቀሩ ሌላም ነገር አብሮ ቀረልኝ። ዛሬ ካልገባህ ይህ ስጦታ ያመልጥሃል፣ የዚህ ወቅት ሽልማት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል፣ ጓደኞችህ ቀድመውሃል የሚሉ ማሳሰቢያዎች። እነዚህ ማሳሰቢያዎች ተጫዋቹን በየቀኑ ለመመለስ ታስበው የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ያህል ከእራት በኋላ የምገባው ደስ ብሎኝ ሳይሆን ላለመቅረት እንደነበር ያስተዋልኩት ዴኩን ይዤ ያለ ኢንተርኔት ጉዞ ላይ በቆየሁበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሄደስ የተባለውን ጨዋታ ጨረስኩ። አንዱ ሙከራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ትሞታላችሁ፣ ወደ ቤት ትመለሳላችሁ፣ ከሰዎቹ ጋር ትነጋገራላችሁ። ሦስት ቀን ብትተዉት አይቆጣም።

ስለ ስቲም፣ ስለ ቫልቭ የጨዋታ መደብርም፣ ጥቂት ልበል፤ ዴኩን መግዛት ወደዚያ መደብር መግባት ነውና። በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን መመለስ ይቻላል። ይህን ደንብ በዴክ ላይ በደንብ ተጠቀሙበት፤ የጽሑፉ መጠን ለዓይናችሁ እንደሚበቃ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ታውቁታላችሁ። የተጫዋቾች አስተያየት ከጎኑ የተጫወቱበትን ሰዓት ስለሚያሳይ ከየትኛውም መደብር አስተያየት ይልቅ አምነዋለሁ። የእኔ ዘዴ ይህ ነው፦ ብዙ ሰዓት ተጫውተው “አልመክርም” ያሉትን አስቀድሜ አነባለሁ። መቶ ሰዓት የሰጠ ሰው ጨዋታውን ወዶት ነበር፤ የከፋው ነገር ምን እንደሆነ በትክክል ያውቃል። ቀልድ ብቻ የሆኑ አስተያየቶች ለረጅም ጊዜ ከላይ ይቀመጡ ነበር፤ ስቲም በ2024 ጠቃሚዎቹን ወደ ላይ የሚያመጣ አሠራር ከጨመረ ወዲህ ንባቡ ተሻሽሏል። የማልወደውም አለ፦ የምትገዙት ጨዋታውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ከ2024 ጀምሮ መደብሩ ይህንን በክፍያው ገጽ ላይ በግልጽ ጽፎታል። መጻፉ ተገቢ ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ ያሉት የድሮ ዲስኮች ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳያስፈልጋቸው የእኔ ናቸው።

ለሥራ ይሆናል ወይ ብለው የሚጠይቁ አሉ። ዴስክቶፕ በሚባለው በኩል ስትገቡ ሙሉ ሊኑክስ ኮምፒውተር ነው፤ ስክሪንና የፊደል ገበታ ሰክቼ ኮድ ጽፌበታለሁ። ሆኖም የስርዓቱ ዋና ክፍል እንዳይጻፍበት የተቆለፈ ነው፤ ከፍታችሁ የጨመራችሁት ነገር በሚቀጥለው ማሻሻያ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ለጨዋታ ዕቃ ብልህ ውሳኔ ነው፤ ስርዓቱ በሁለት ቅጂ ስለተቀመጠ ማሻሻያው ቢበላሽ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ለሥራ ግን ሌላ ማሽን ይኑራችሁ። የሥራ መልእክት መቀበያም አትጫኑበት። እኔ ጭኜው ነበር፤ በሁለተኛው ቀን አጠፋሁት።

በመጨረሻ፣ የመጀመሪያውን ዴክ ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ትንሹን ማከማቻ ያለውን መርጣችሁ ራሳችሁ ብትለውጡት ያዋጣል። የሚገባው 2230 የሚባለው አጭሩ ኤስኤስዲ ነው፤ ረጅሙ አይገባም። የጀርባው ሽፋን በስምንት ብሎኖች ተይዟል፤ አራቱ ከሌሎቹ አራት ርዝመታቸው ስለሚለያይ ለየብቻ አስቀምጧቸው። ብሎኖቹ በቀጥታ ወደ ፕላስቲክ የሚገቡ ናቸውና ስትመልሱ በጉልበት አታጥብቁ። ሽፋኑና ከሥሩ ያለው የብረት መከለያ እንደተነሡ መጀመሪያ የባትሪውን መሰኪያ ንቀሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ገና ብሎን ሳትነኩ፣ ከሥሩ ያለውን ሜሞሪ ካርድ አውጡ፤ ካርዱ እንደገባ ሽፋኑ ከተነሣ ለሁለት ይሰበራል።